የሣር ቤትና የሕፃናት ትምህርት

ለሕፃን ከሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርቶች አንዱ የቤት ትምህርት ነው። ይኸውም ሕፃኑ የሚያድርበትን ጣራና የሚደገፈውን ግድግዳ በስማቸው እየጠራ፥ ከምን እንደ ተሠሩ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ሕፃን ስለ ቤት ሲማር ስለ ወላጆቹም ይማራልና፥ አስተማሪው የሚመርጠው ምሳሌ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። ዛሬ እጅግ የታወቀውን አንዱን ምሳሌ ወስደን ልንመረምረው አስበናል።

ይህም የሦስቱ አሳሞች ተረት ነው። ጆዜፍ ጄኮብስ በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የእንግሊዝ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ ዋልት ዲስኒም በ1933 እ.ኤ.አ. የሥዕል ፊልም አድርጎ ለዓለም አሳይቶታል። በአገራችንም በእንግሊዝኛ የሕፃናት መጻሕፍት እየመጣ ይነበባል። ዛሬ በብዛት እንደሚነገረው፥ አንደኛው አሳማ ቤቱን በገለባ፥ ሁለተኛው በጭራሮ፥ ሦስተኛው በጡብ ይሠራል። ተኩላ መጥቶ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቤቶች በትንፋሹ ያፈርሳቸዋል፤ የጡቡ ቤት ግን ጸንቶ ይቆማል።

የተረቱን ብልሃት አንነቅፍም። ሦስት ቤት፥ ሦስት ዕቃ፥ አንድ ፈተና፤ ሕፃን በአንድ ጊዜ ሰምቶ ይይዘዋል። የቤት መሥሪያ ዕቃ ሁሉ ጥንካሬው አንድ አለመሆኑንም ያለ ድካም ያስተምራል። ነቀፋችን በሌላ በኩል ነው። ተረቱ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም ይመዝናል። በፊልሙ በገለባና በጭራሮ የሠሩት ለጨዋታ የቸኮሉ ሰነፎች ሲሆኑ፥ በጡብ የሠራው ትጉህ ነው። እንግዲህ ይህ ተረት ያለ ማብራሪያ በሣር ቤት ለተወለደ ሕፃን ቢነገረው፥ «አባትህ ሰነፍ ነው» ከማለት በምን ይለያል?

ለዚህ ጥያቄ ከጓሳ የሚሻል ምስክር አናገኝም። ጓሳ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ ደጋ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ ምድር ነው፤ ስሙንም የወሰደው ከሚበቅልበት ከጓሳ ሣር ነው። የመንዝ ሰው የቤቱን ግድግዳ በድንጋይ ይክባል፤ ጣራውን በወራጅና በማገር አዋቅሮ በጓሳ ይከድናል። ሣሩ ነዶ በነዶ ታስሮ፥ ውሃው ተንሸራትቶ እንዲወርድ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይነጠፋል። ከዚሁ ሣር ገመድ ይገመዳል፤ እረኛው በዝናብ የሚደርበው ጌሳም ይሠራል። በዚያ ውርጭና ነፋስ መካከል ቤተ ሰብን የሚያሞቅ ክዳን የሰነፍ እጅ ሥራ ሊባል አይችልም።

ከክዳኑም ጥበብ ይልቅ የሚያስደንቀው ሣሩ የተጠበቀበት ሥርዓት ነው። ከ17ኛው ምእት ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ባለርስቶች ቄሮ በሚባል ደንብ፥ አለቃ መርጠው፥ ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ከ3 እስከ 5 ዓመት ምድሩን ዘግተው ያቆዩት ነበር። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ባለመብቱ ወጥቶ ያጭዳል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያስቀረውም፥ ሕዝቡ ከጊዜ በኋላ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን አድሶታል። ስለዚህ ዛሬም በዚያ ሣር መካከል የተኩላ ዘመድ የሆነው ቀይ ቀበሮ አይጥ እያደነ ይኖራል። በተረቱ ተኩላ የገለባውን ቤት ያፈርሳል፤ በጓሳ ግን ለሰው ጣራ የሆነው ሣር ለቀበሮውም መጠጊያ ሆኗል።

ለቆርቆሮ ጠላት አይደለንም። ቆርቆሮ እንደ ሣር ቶሎ ቶሎ አይታደስም፤ እሳትም እንደ ሣር አይበላውም። ገበሬው ቢመርጠው መብቱ ነው፤ ብልህነትም ሊሆን ይችላል። የሚያሳስበን ግን ሣር የሚጠበቀው የሚፈልገው ሰው ሲኖር መሆኑ ነው። ልጁ የሣር ክዳን የስንፍናና የድህነት ምልክት ነው እያለ ካደገ፥ ነገ ያንን ደጋ ለመጠበቅ ማን ይነሣል? ማረሻ ቢገባበትስ ማን ይቈጫል?

ስለዚህ ለመምህራን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። «ቤት ከምን ይሠራል?» በሚለው ጥያቄ ላይ ሁለት ይጨመሩበት፤ «ይህ ዕቃ ለዚህ አገር ለምን ተስማማ?» እና «ማን ጠብቆ አቆየው?» የሚሉ። መምህሩ አንድ ነዶ ሣር፥ አንድ ድንጋይና አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ወደ ክፍል ያምጣ፤ ውሃ ያፍስስባቸው፤ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ልጆቹን ያስዳስሳቸው። ዶርዜ ቤቱን በቀርከሃ፥ ኮንሶ የመንደሩን ቅጥር በድንጋይ የሚሠራው በአገሩ ያገኘውን አጥንቶ እንደ ሆነ ይንገራቸው።

ከዚህ በኋላ የሦስቱን አሳሞች ተረት ያንብብላቸው፤ እኛም አንከለክለውም። በዚያን ጊዜ ከመንዝ ልጆች አንዱ እጁን አውጥቶ፥ «የኔታ፥ ያ አሳማ ሣሩን ሳይደርስ አጭዶት ይሆን? ወይስ መክደን ያስተማረው አባት አልነበረውም?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ትምህርቱ ፍሬ አፍርቷል ብለን እናምናለን።