መልክዓ ምድርና ሥራ፤ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ

በአማርኛ ልብ ወለድ ሂስ «መቼት» የሚለው ቃል በአብዛኛው የሚያገለግለው ድርጊቱ የትና መቼ እንደተፈጸመ ለማመልከት ብቻ ነው። ተማሪዎቻችንም ቦታውንና ዘመኑን ከጠቀሱ በኋላ ፈጥነው ወደ ገጸ ባሕርያቱ ያልፋሉ። በዚህ አጭር ጽሑፍ መልክዓ ምድር የጀርባ ጌጥ ሳይሆን የሥራና የባለቤትነት መዝገብ መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ለንጽጽር የሆላንድን የኅትመት ስዕል ላንሣ። ሬምብራንት በ1641 እ.ኤ.አ. በመዳብ ሰሌዳ ያዘጋጀው «የነፋስ ወፍጮ» ዛሬ ለሚያየው ሰው ሰላማዊ የገጠር ትዕይንት ይመስላል። ወፍጮው ግን የአምስተርዳም ቆዳ ሠሪዎችን ያገለግል የነበረ፣ ቆዳ በዓሣ ዘይት የሚለፋበትና በመጥፎ ጠረኑ የታወቀ የሥራ ቦታ ነበር። ሠዓሊው ጠረኑን ሊስል አይችልም፤ የሕንጻውን እንጨትና ግንብ ግን አንድ በአንድ አሳይቷል። የስዕሉ ውበት ሥራውን በመሸሸግ የተገኘ አይደለም።

በዚህ ዓይን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ብንመረምር ምን እናገኛለን? የበዛብህ ወላጆች የሚኖሩባት ማንኩሳ የምትገኘው በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ነው። ብዙ አንባቢ ጎጃምን የሚያስታውሰው በዚህ መጽሐፍ በኩል ነው፤ ሲያስታውሰውም ለምለሙን አገር ነው። ይሁን እንጂ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡት ገበሬዎች የሚሟገቱት በአፈሩ ፍሬ ነው። መሬቱን ጌጥ ካደረግነው አመፁ ምክንያት ያጣል፤ ፍቅሩም ከመደብ ልዩነቱ ተነጥሎ ተራ የልብ ሐዘን ይሆናል።

ዛሬ ያው አገር ሌላ መልክ ይዟል። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካና የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቀዋል። ኑግና አኩሪ አተር በሚበቅልበት ምድር የተተከለው ፋብሪካ ከውጭ የሚገባ የፓልም ድፍድፍ ለማጣራትም የታሰበ ነበር። ይህ ለደራሲ ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። በማንኩሳ ዘመን የጌታውን ሀብት ምንጭ ለማሳየት እርሻውን መግለጽ ይበቃ ነበር፤ አሁን ግን የሚታየው ማሳና የሚመረተው ዘይት የአንድ ምድር ፍሬ ላይሆኑ ይችላሉ። የጭስ ማውጫን «የሥልጣኔ ምልክት»፣ ማሳን «የጥንቱ ሰላም» ብሎ ማለፍ ሁለቱንም አለማየት ነው።

በመሆኑም መቼትን ስናስተምር «የት? መቼ?» ከሚሉት ጋር «መሬቱ የማን ነው? የሚሠራበትስ ማን ነው? ፍሬው ወዴት ይሄዳል?» የሚሉትን ጥያቄዎች እንድንጨምር አሳስባለሁ። ስለ ቡሬ የሚጻፈውን ልብ ወለድ በአግባቡ የሚያነብ ሐያሲ የሚወጣው የማንኩሳን ማሳ በዚህ መንገድ ማንበብ ከተማረ ክፍል ነው።