ቦይለሩ መጨረሻ ላይ ይጠየቃል

«ቦይለሩ ተቃጥሏል» ተብዬ ስጠራ፣ ካቻቪቴ ከማውጣቴ በፊት የምጠይቀው ስለ ቦይለሩ አይደለም። መብራቱ ስንት ሰዓት ላይ ይደክማል? ምጣድ የምትጥዱት መቼ ነው? ቧንቧው ስንት ቀን ጠፍቶ ነበር? አንዳንዶቹ ትዕግሥት ያጣሉ፤ «ወንድሜ፣ እኛ የጠራንህ ለቦይለሩ ነው» ይሉኛል። «አብሽሩ እትዬ፣ እሱም ይደርሰዋል» እላለሁ።

መካነ ሰላም ውስጥ ቦይለር በራሱ ጥፋት የሚቆምበት ጊዜ ጥቂት ነው። ደንበኞቼ ፔንሲዮኖች፣ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የተከራዩዋቸው ቤቶች፣ አልፎ አልፎም የነጋዴ ግቢ ናቸው። የሁሉም ዕቃ ያው ነው፤ ብርድ እንዳይገባው የተሸፈነ በርሜል፣ ሥሩ ላይ ሬዚስታንስ፣ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት፣ ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል ደግሞ ሴፍቲ ቫልቭ። ሊበላሽ የሚችለው ትንሽ ነው፤ ሊያበላሸው የሚችለው ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ፍለጋዬ ከውጭ ይጀምራል።

መጀመሪያ መብራት። የቴስተሯ ትንሽ አምፖል በ220 ቮልትም በ170 ቮልትም ትበራለች፤ «መብራት አለ» ከማለት ያለፈ ምንም አትነግረኝም። መልቲሜትር ስሰካ ነው ነገሩ የሚገለጠው። 1,500 ዋት ሬዚስታንስ በ170 ቮልት የሚሰጠው 900 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ ቮልቱ ሩብ ያህል ሲወርድ ከሙቀቱ 40 በመቶ ገደማ ይጠፋል። 50 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ፣ መብራቱ ሙሉ ሲሆን 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይበቃል፤ በደከመ መብራት ግን 3 ሰዓት ይጠጋል። የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በተጣደበት ማለዳ ቦይለሩን ከፍቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለብ ያለ ውሃ ያገኘ ሰው «ተበላሸ» ቢል አይፈረድበትም። ዕቃው ግን ደህና ነው። ቀጥዬ ገመዱን እከተላለሁ። ቦይለሩ ወደ 7 አምፔር ይስባል፤ ለአምፖል ከተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ ከተቀጠለ ወይም የብሬከሩ ቪት ከላላ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ቀድሞ ይነግረኛል።

ሁለተኛው ውሃ ነው። እዚህ ቧንቧ በፈረቃ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሬዚስታንስ የሚጨርሰውም ይኼ ነው። ሴፍቲ ቫልቩ ግፊት ማስተንፈስ ብቻ ሳይሆን ውሃው ወደ መጣበት እንዳይመለስ የማገድ ሥራም አለው። ውስጡ ያለው ጎማ ካረጀ ወይም አሸዋ ከያዘው አያግድም። መስመሩ ባዶ ሲሆን የቤቱ ሰው «ውሃ መጥቶ ይሆን?» ብሎ የሙቁን ቧንቧ ይከፍታል፤ በዚያ በኩል አየር ይገባል፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃም በታች በኩል ወደ መስመሩ ይወርዳል። ማብሪያው እንደበራ ነው። ውሃ የሸሸው ሬዚስታንስ ደረቁን ይግላል፣ ይቃጠላል። እንዲህ ባለ ቤት ሬዚስታንሱን ቀይሮ ቫልቩን መተው፣ ለሚቀጥለው ቃጠሎ ቀጠሮ መያዝ ነው። ዕቃው ደግሞ በአቀስታ በኩል ከደሴ እስኪመጣ ድረስ ቤተሰቡ በኅዳር ውርጭ ውሃ በድስት እያሞቀ ይሰነብታል።

ቦይለሩን የምፈታው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ መጥፋቱን በመለኪያ አረጋግጬ፣ ሽቦዎቹን እነቅላለሁ። ደህና የ1,500 ዋት ሬዚስታንስ 32 ኦም ገደማ ያነባል፤ ምንም ካላነበበ ተቆርጧል። ከብረቱ አካል ጋር ከተነካካ ደግሞ «ሻወሩ ይነዝራል» የሚባለው ከዚያ ነው፤ ያን ጊዜ ኧርዝ መኖሩን ሳላይ ሥራዬ አያልቅም። ኖራ መሰል ነጭ ቅርፊት ከወፈረበት ሙቀቱን ለውሃው አያደርስም፤ ራሱን ያቃጥላል።

ሁሉም ደህና ሆኖ፣ ውሃው ከልክ በላይ ሲግል መብራቱን የሚቆርጠው መከላከያ ብቻ የዘለለበትም አለ። ክዳኑ ሥር ያለችውን ቁልፍ መጫን የሰከንድ ሥራ ነው፤ ለምን እንደዘለለ ማወቅ ግን ሙያ ይጠይቃል። ደጋግሞ ሲዘል «መከላከያውን ትተህ ዳይሬክት አድርግልኝ» የሚሉ አሉ። እምቢ እላለሁ። ከተማችን 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ በድስት የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። በበርሜል ታፍኖ ግን ከዚያ አልፎ ሳይፈላ ሊግል ይችላል፤ በርሜሉ ቢቀደድ ያ ሁሉ ባንድ አፍታ እንፋሎት ይሆናል። ውሃ ሲሞቅ ስለሚሰፋ የሚንጠባጠበውን ሴፍቲ ቫልቭ መድፈንም እንደዚያው ነው።

አንዳንዴ ቦይለሩን ሳልፈታ ሥራዬ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ሂሳብ መጠየቅ ይከብዳል፣ ሰው የሚከፍለው ለተቀየረ ዕቃ ነውና። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ያልተገዛው ሬዚስታንስ ከእኔ ዋጋ ይበልጣል። ከመውጣቴ በፊት ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ ለሠራተኛዋም ጭምር፣ የምናገረው አጭር ነው። ምጣድ ሲጣድ ቦይለሩን አጥፉ። ውሃ ሲጠፋም አጥፉ፤ ተመልሶ ሲመጣ የሙቁን ቧንቧ ክፈቱና አየሩን አስወጥቶ ሳይቆራረጥ እስኪፈስ ድረስ ማብሪያውን አትንኩ።