የቀለም ዋጋና የሐሳብ ዋጋ

ሐበሻ በሚነግድባቸው የኪሰንዪ መንገዶች የምግብ ቤትና የሱቅ ሰሌዳዎችን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም፤ ያው ጀበና፣ ያው መሶብ፣ ያው የፊደል ቅርጽ ከሰሌዳ ሰሌዳ ይደጋገማል። ይህን የሙያተኛው ችሎታ ማነስ አድርጎ የሚወቅስ አለ። በእኔ አስተያየት ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ከንድፉ በፊት፣ ከዋጋው ንግግር ነው።

ደንበኛው የካምፓላ አታሚዎችና ዲዛይነሮች ወደሚገኙበት ናስር መንገድ ሲሄድ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሺሊንግ?» ብሎ ነው። ሰሌዳው ለማን ምን እንደሚናገር አይነሳም። የሸራውንና የቀለሙን ዋጋ ስለሚያውቅ ከዚያ በላይ የተጠየቀው ሁሉ ብዝበዛ ይመስለዋል። የአገር ልጅነትም ተጨምሮበት ዋጋው ሲወርድ፣ ለማሰቢያ ጊዜ ያልተከፈለው ሙያተኛ የትናንቱን ሥራ ስሙን ብቻ ለውጦ ያስረክባል። ደንበኛው ገንዘብ አተረፈ፤ ከጎረቤቱ ግን አልተለየም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1878 እ.ኤ.አ. ሠዓሊው ዊስለር ሃያሲውን ጆን ረስኪንን ስለ ጻፈበት ትችት ለንደን ላይ በፍርድ ቤት ተሟግቶት ነበር። ለሁለት ቀን ሥራ 200 ጊኒ ይጠየቃልን ሲባል፣ ዋጋው በዕድሜ ልክ ለተካበተ ዕውቀት መሆኑን መለሰ። ክሱን ቢረታም የተፈረደለት ካሣ አንድ ፋርዚንግ፣ ማለትም የፔኒ ሩብ ብቻ ሆነ፤ በተከታዩ ዓመትም ከሰረ። እውነት መያዝ ብቻውን እንጀራ አይሆንም።

ስለዚህ ሙያተኛውም ከወቀሳ አያመልጥም። ጥቅል ዋጋ ጠርቶ በክርክር ግማሹን የሚተው ሰው፣ የመጀመሪያው ጥሪ ሐሰት እንደነበረ ራሱ መሰከረ። ንድፉን፣ እርማቱንና ኅትመቱን ለየብቻ ይተምን፤ ገንዘብ ሲቀነስበት ሥራውንም ይቀንስ፤ ሦስት አማራጭ ንድፍ አንድ ይሁን። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩጋንዳ የቅጂ መብት ሕግ፣ ሌላ ውል ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ መብት ለአዛዡ እንዲሆን ደንግጓል። እንግዲህ ያለ ውል በርካሽ የሸጠ ሰው ሥራውን ብቻ ሳይሆን መብቱንም አብሮ ሰጠ ማለት ነው። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነው።

ደንበኛስ? ከእንጀራ ጋጋሪ ዘንድ ሄዶ የጤፉን ዋጋ ብቻ ከፍሎ የሚመለስ የለም። እጇንም እሳቱንም ይከፍላል። ስሙን በየቀኑ ለመንገደኛው ሁሉ ለሚናገርለት ሰሌዳ ይህን መንፈጉ ቁጠባ አይባልም።