ታዳጊ ሯጭ ከአዋቂ ጋር መቼ ይሩጥ?

በአርሲ ደጋ ታዳጊ ሯጭ ከአዋቂ ጋር መሮጥ የሚጀምረው የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ባላት በቆጂ፣ ማለዳ ባሕር ዛፉ ውስጥ ልምምድ ሲጀመር ሯጮቹ በአንድ መስመር ይከታተላሉ፤ ጠንካራው ይመራል፣ ትንሹ የቀዳሚውን ተረከዝ እያየ ይከተላል። ፍጥነትን መመጠንና ትዕግሥትን የሚማረው እዚያ ነው። አደጋውም ከዚሁ ይመጣል፤ ልጅ ደክሞት ከሰልፉ መውጣትን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል።

ስለዚህ አሰልጣኙ አስቀድሞ የሚወስነው መጠኑን ነው። አዋቂዎቹ ዳገቱን ስድስት ጊዜ ሲወጡ ታዳጊው ሦስቴ ወጥቶ ቱታውን ይለብሳል። ትከሻው ወደ ጆሮው ከተሰበሰበ፣ እግሩ መሬቱን በድምፅ መምታት ከጀመረ ሦስተኛውም ይቀርበታል። በዕድገት ዘመን አጥንት ቀድሞ ይረዝማል፣ ጡንቻና ጅማት ዘግይተው ይደርሱበታል፤ በዚህ ወቅት ልምምድ ከአቅም በላይ ሲደጋገም ተረከዝና ጉልበት ይታመማሉ።

የዕድሜ ነገር በገጠር ይወሳሰባል። ብዙ ልጅ የልደት ወረቀት ስለሌለው አሰልጣኙ የሚፈርደው ሰውነቱን አይቶ ነው። ቀድሞ የጎረመሰው እኩዮቹን በጉልበት ብቻ እየረታ ብልሃት ሳይማር ይቀራል፤ ለእሱ ከታላላቆቹ ጋር መሮጥ ይጠቅመዋል። ዘግይቶ የሚያድገው ግን ከእኩዮቹ ጋር ይቆይ። ሁልጊዜ ከኋላ የሚከተል ልጅ መምራትንም ሆነ አጨራረስን አይለምድም፤ ተስፋ ቆርጦ የሚተወውም ጥቂት አይደለም።

በውድድር ላይ የቀነኒሳ በቀለ ምሳሌ ብዙ ያስተምራል። የበቆጂው ልጅ እ.ኤ.አ. በ2001 ኦስተንድ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶቹን ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ሻምፒዮና ከአዋቂዎች ጋር ሮጦ ሁለተኛ ወጣ። አዋቂዎቹን የገጠመው ግን በአጭሩ ውድድር፣ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው ነው፤ የወጣቶቹ ርቀት የዚህ እጥፍ ግድም ነበር። ተጋጣሚው ሲከብድ ርቀቱ አጠረ። በዓመቱ ደብሊን ላይ የአዋቂዎቹን አጭሩንም ረጅሙንም አሸነፈ። ጥሩነሽ ዲባባም በ2001 በዓለም ወጣቶች አገር አቋራጭ አምስተኛ፣ በ2002 ሁለተኛ፣ በ2003 አንደኛ ወጥታ ነው፣ በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ በ18 ዓመቷ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው። የወጣቶቹ ውድድር ራሱ እስከ 19 ዓመት ያሉትን ስለሚያካትት፣ የያኔዋ የ15 ዓመት ልጅ ጥሩነሽ የመጀመሪያ ፈተና እዚያው ነበር።

ጥብቅ መሆን የሚገባው ርቀት ላይ ነው። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ በሻምፒዮናዎቹ ከ18 ዓመት በታች ላሉት 10,000 ሜትርን፣ ከ20 በታች ላሉት ማራቶንን ይከለክላል። የጎዳና ላይ ሩጫ ሽልማት የሚያጓጓቸው ወላጆችና ክለቦች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ አዲስ አበባ ላይ ማራቶን ሮጦ ነበር፤ ከዚያ ግን ወደ ትራክ ተመለሰ፤ ትልልቆቹን የዓለም ማራቶኖች በ2002 ለንደን ላይ ጀመረ፣ የ2:03:59 ክብረ ወሰኑንም በርሊን ላይ ያስመዘገበው በ35 ዓመቱ ነው።