ማዕበል የሌለበት ጣና

ከእንጅባራ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ብዙ ሳይርቅ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል። እሳተ ገሞራ በከፈተው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ክብ ውኃ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከመቶ ሜትር በላይ ይወርዳል። ከዚያ ተነሥቶ በዳንግላ በኩል ወደ ሰሜን የተጓዘ መንገደኛ የሚደርስበት ጣና በአንጻሩ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ሆኖ ሳለ፣ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ሥፍራ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥልቁ ዘንገና ጸጥ ብሎ ይውላል፤ ጥልቀት የሌለው ጣና ታንኳ ይገለብጣል። ይህ ተቃርኖ የውኃ ሊቃውንት ብቻ ጉዳይ ተደርጎ መተው የለበትም። ስለ ውኃ የሚጽፉና የሚሥሉ የአገራችን ከያንያን ለረጅም ጊዜ ሲያልፉት የኖሩትን አንድ እውነት ያመለክታልና።

በሥነ ጽሑፋችን ዘንድ ጥልቀትና ኃይል ተለያይተው አይታወቁም። ጥልቅ የተባለ ሁሉ የተፈራና የተከበረ ነው፤ ጥልቅ ሐሳብ፣ ጥልቅ ባሕር፣ ጥልቅ ምሥጢር ይባላል። ስለዚህም ገጣሚው ጣናን ታላቅ ለማድረግ ሲሻ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሐይቁ የሌለውን ጥልቀት ይቆፍርለታል። ወይም ሌላውን የተለመደ መንገድ ተከትሎ ሐይቁን መስተዋት ያደርገዋል። ገዳማቱ፣ ዛፉና ደመናው በመስተዋቱ ውስጥ ይታያሉ፤ አንዲት ታንኳ ጀንበር ስትጠልቅ ብቻዋን ትቆማለች። ይህ ምስል በስንኝም፣ በሸራም፣ በፖስት ካርድም ከመደጋገሙ የተነሣ ዛሬ የማንም አይደለም። ፍጹም ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም፤ ጣና በማለዳ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። የከያኒው ጉድለት ሐይቁን በማለዳ አይቶ ከቀትር በፊት መመለሱ ነው።

ማዕበል የነፋስ ሥራ ነው። ጉልበቱም በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ ነፋሱ ምን ያህል ይበረታል፣ ለስንት ሰዓት ይነፍሳል፣ በውኃው ላይ ሳይቋረጥ ምን ያህል ርቀት ይሮጣል። በዘንገና ላይ ነፋስ ሩጫውን ሳይጀምር ከወዲያኛው ገደል ጋር ይላተማል። በጣና ላይ ግን ከደቡብ እስከ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብም ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ሜዳ ተዘርግቶለታል፤ ከደቅና ከሌሎች ደሴቶች በቀር የሚያግደው የለም። የማዕበል ጉልበት ደግሞ ከከፍታው ጋር እኩል አያድግም። ከፍታው እጥፍ በሆነ ጊዜ የተሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን እንደሚመዝን ያስታወሰ አንባቢ፣ በደረት ልክ የቆመ የሐይቅ ማዕበል ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት አይቸገርም።

የጣና ጥልቀት ማነስ የማዕበሉን ቁመት ይወስንበታል እንጂ ጠባዩን አያለዝብለትም። እንዲያውም ያከፋዋል። ማዕበል ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ሲገባ ግርጌው ከሐይቁ ወለል ጋር ይተሻሻል፤ ግርጌው ሲዘገይ አናቱ ይቀድማል፤ ይቆማል፣ ይሾላል፣ በመጨረሻም ይደረመሳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚያሳየውን ግልቢያ የተመለከተ ሰው፣ በሙሉ ሩጫ ላይ ሳለ የፊት እግሩ የተያዘ ፈረስ አንገቱ ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት አያዳግተውም። የአዊ ገጣሚ ለማዕበል ምሳሌ ፍለጋ ወደ ውቅያኖስ መሻገር አያሻውም ማለት ነው።

ምሳሌውን ከውቅያኖስ መዋስ ጉዳትም አለው። የውቅያኖስ ማዕበል ረጅም ነው፤ መርከቡ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል ለመውረድ ጊዜ ያገኛል። የሐይቁ አጭርና ተከታታይ ነው፤ የመጀመሪያው የመታው ታንኳ ቀና ሳይል ሁለተኛው ይደርስበታል። ሩሲያዊው ሠዓሊ ኢቫን አይቫዞቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1850 የሣለው «ዘጠነኛው ማዕበል» በስባሪ ምሰሶ ላይ የተንጠለጠሉ ሰዎችን ከግዙፍ ውኃ ፊት አቁሞ የሚያሳይ ድንቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የዚያን ማዕበል ቅርጽ ገልብጦ ጣና ላይ ያሳረፈ ሠዓሊ፣ ጣናን መስተዋት ካደረገው ባልደረባው የሚሻልበት ምክንያት አይታይም። ሁለቱም ሐይቁን አላዩትም።

ያዩት ነገደ ወይጦዎችና ሌሎች የታንኳ ሰዎች ናቸው። ታንኳ የደንገል እስር ናት። ማዕበል በላይዋ ያልፋል፣ በመካከሏም ይሰርጋል፤ ስለዚህ እንደ እንጨት ጀልባ ሞልታ አትሰጥምም። ነገር ግን ደንገሉ ውኃ በጠጣ ቁጥር ትከብዳለች፣ ዝቅ ትላለች፤ በየጊዜው ወጥታ ካልደረቀች ዕድሜዋ ያጥራል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ለማቋረጥ «ራ» የተባለችውን ጀልባ ባሠራ ጊዜ ደንገሉ የተጫነው ከጣና ነበር፤ ሠሪዎቹ ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። ያቺ ጀልባ ከብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ በማዕበል ተጎድታ ተተወች፤ በተከታዩ ዓመት «ራ ሁለት» ባርቤዶስ ደረሰች። የደንገልን ጽናትና ድካም ዓለም ያወቀው በዚህ ነው። ማገዶና እህል ጭኖ ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፈው ሰው ግን ይህን ያወቀው ከአባቱ ነው። ከሌሊት የሚነሣውም ለጀንበሯ ውበት ሳይሆን ከቀትር በኋላ የሚመጣውን ነፋስ ለመቅደም ነው። በሸራው ላይ ይህ ሰው ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ኅብረተሰቡ በሥራውና በዘሩ ሲንቀው የኖረውን ሰው፣ ሠዓሊውም በበኩሉ ፊት ሳይሰጠው ያልፋል።

ማዕበል የሚለው ቃል ራሱ ከሐይቁ ርቋል። ብርሃኑ ዘርይሁን የ1966ቱን አብዮት ዋዜማ፣ መባቻና ማግስት ለተረከበት ባለ ሦስት ክፍል ልቦለድ «ማዕበል» የሚል ርእስ ሰጠው፤ ለይዘቱ የሚስማማ ርእስ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ቃሉ በየንግግሩና በየመፈክሩ እየተነሣ ሲወድቅ ውኃነቱ ተረሳ። ሞገድም ወደ ራዲዮ ጣቢያ ተዛወረ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ፈርዖንና ሠራዊቱ በኤርትራ ባሕር ሲሰጥሙ የሚታዩበት ትዕይንት የታወቀ ነው፤ እዚያ ውኃው ፈራጅ ነው፣ ሥራውንም ይሠራል። የዛሬው ሠዓሊ ከዚያ ወርሶ ሊያሳድገው ይችል የነበረው ይህ ሠሪ ውኃ ነበር፤ የወረሰው ግን ቀለሙን ብቻ ነው።

አንድ የሐይቅ ማዕበል ከኪነ ጥበብ ምን ሊጠይቅ እንደሚችል ለማየት ወደ ሰሜን አሜሪካ መመልከት ይጠቅማል። ጥቅምት 30 ቀን 1968 ዓ.ም. 222 ሜትር ርዝመት የነበረው «ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ» የተባለ የብረት ማዕድን ጫኝ መርከብ፣ በሱፒሪየር ሐይቅ ላይ በወጀብ ተመትቶ ከነ29 መርከበኞቹ ሰጠመ። ሱፒሪየር 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሸፍን ጨው አልባ ውኃ ነው፤ በዚያ ምሽት ማዕበሉ ከ7 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ካናዳዊው ጎርደን ላይትፉት አደጋውን በዘፈን ተረከው። ዘፈኑ ዝና ያገኘው በዜማው ብቻ አይደለም። መርከቡ ከየት እንደተነሣ፣ ምን እንደጫነ፣ ወጀቡ በየት በኩል እንደመጣ እንደ ሥራ ሰው ይናገራል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከ30 ዓመታት በኋላ የሆነው ነው። አደጋው የመርከበኞቹ ጥፋት አለመሆኑን የሚያመለክት አዲስ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2010 በቀረበ ጊዜ፣ ላይትፉት የመርከቡን መክደኛ የሚያነሣውን ስንኝ በመድረክ ላይ ሲዘፍን ለወጠ። ሕዝብ በቃሉ የያዘውን ዘፈን፣ ለሞቱ ሠራተኞች ክብር ሲል አረመ። ስንኝን ለዜማ ሲሉ ማረም የተለመደ ነው፤ ለእውነት ሲሉ ማረም ግን ብዙ አይታይም።

እንዲህ ያለ እርማት የሚጠብቅ ስንኝ ጣናም አለው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ፣ ከዳንግላ አካባቢ ደጋ የሚወርደውንም ውኃ ሰብስቦ ወደ ጣና ይገባል፤ ከሐይቁ ገባሮች ትልቁ ነው። ወንዙ ሐይቁን ሰንጥቆ፣ ከውኃው ሳይቀላቀል በባሕር ዳር በኩል ይወጣል የሚለው አፈ ታሪክ ስንቱን ግጥም እንደወለደ መቁጠር አይቻልም። ኩሩው ዓባይ፣ ያልተነካው ዓባይ ይባልበታል። ማዕበሉ ግን ይህን ተረት በየቀትሩ ያፈርሰዋል። ሐይቁ ጥልቅ ባለመሆኑ ብርቱ ነፋስ እስከ ወለሉ ያማስለዋል፤ የተኛውን ደለል ያስነሣል፤ ከአገው ምድር የወረደውን ውኃ በመገጭ፣ በርብና በጉማራ ከመጣው ጋር ያዋሕደዋል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ የታየውንም እምቦጭ ከዳር ዳር የሚያጓጉዘው ይኸው ነፋስና ማዕበል ነው። የተረቱ ዓባይ ብቻውን የሚሄድ መስፍን ነው፤ የእውነተኛው ታሪክ የመገናኘትና የመደባለቅ ነው። ለተውኔትም ለግጥምም የሚበጀው የትኛው እንደሆነ ደራሲያን ቢከራከሩበት መልካም ነው፤ እስከ ዛሬ ግን ክርክሩ አልተጀመረም።

በግልገል ዓባይ አፍ ላይ ወንዙ ያመጣው አፈር ወደ ሐይቁ እየገፋ ሄዷል። ይህ አፈር በከፊል የዳንግላ ገበሬ ማሳ ነበር። ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ በዚያ ደለል ላይ ቀድሞ ይሰበራል፤ ውኃውም ቀይ ይሆናል። የታንኳ ሰዎች ይህን ቀለም ሲያዩ ወደ ዳር ይዞራሉ፤ ጭነታቸውን ያወርዳሉ፤ ታንኳቸውንም ጎትተው አውጥተው ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ቀጥ አድርገው ያቆሙታል።