ተዋንያኑ አሸንፈው መድረኩ ሲዘጋ፦ ስለ ቤሪ እግር ኳስ ክለብ የመጨረሻ የውድድር ዘመን

ኪነ ጥበብ ከሕዝብ ኑሮ ተነጥሎ እንደማይታይ ሁሉ፣ እግር ኳስም ከሚጫወትበት ከተማ የሥራና የኑሮ ታሪክ ተለይቶ ሊመዘን አይችልም። መድረክ፣ ተዋናይ፣ ተመልካችና ግጭት ያሉት፣ ፍጻሜው ግን አስቀድሞ ያልተጻፈ ሕዝባዊ ትርኢት ነውና እንደማንኛውም ትርኢት ሂስ ይገባዋል። በዚህ ዓይን ሲታይ፣ በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ የሚገኘው የቤሪ እግር ኳስ ክለብ እ.ኤ.አ. በ2018–19 ያሳለፈው የውድድር ዘመን ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው። በዚያ ዘመን ቡድኑ አሸነፈ፤ ክለቡ ግን ከሊጉ ተሰረዘ።

ቤሪ የጥጥ፣ የሱፍና የወረቀት ፋብሪካዎች ከተማ ነበረች። በ1733 የሽመናን ሥራ ያፋጠነውን የሚበር መወርወሪያ የፈለሰፈው ጆን ኬይ የተወለደው በዚሁ አካባቢ ነው። ክለቡ በ1885 ተመሥርቶ በዚያው ዓመት ጊግ ሌን በተባለው ሜዳ መጫወት ጀመረ፤ በ1894 ወደ ሊጉ ገባ። የእንግሊዝን የማኅበር ዋንጫ በ1900 ሳውዝሃምፕተንን 4 ለ 0፣ በ1903 ደግሞ ደርቢ ካውንቲን 6 ለ 0 በመርታት ሁለት ጊዜ ወስዷል። የፋብሪካዎቹ ዘመን ካለፈ በኋላም ከተማዋና ክለቡ እንደ ድርና ማግ ተሳስረው ቆዩ።

የመጨረሻው ዘመን ከቅርፁ አንጻር ሲታይ ያማረ ነበር። በአራተኛው ዲቪዚዮን የተሰለፈው ቡድን በአሠልጣኙ በሪያን ሎው መሪነት ለማጥቃት የሚደፍር፣ ተመልካቹን የሚያነቃቃ ጨዋታ አሳየ። በኤፕሪል 30 ቀን 2019 ከትራንሚር ሮቨርስ ጋር 1 ለ 1 በመለያየት ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ማለፉን አረጋገጠ፤ ዘመኑንም በሁለተኛ ደረጃ ፈጸመ። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ ደስታ በሜዳው ላይ ሲታይ፣ ተጫዋቾቹና ሌሎቹ ሠራተኞች ደመወዛቸውን በወቅቱ አያገኙም ነበር። የቅርፁ ውበት የይዘቱን ምሬት ሸፈነው። በተውኔት ቋንቋ ቢገለጽ፣ ዋናው ግጭት ከመጋረጃው በስተጀርባ ይካሄድ ነበር ማለት ነው።

የግጭቱ መነሻ ደግሞ የቆየ ነው። ክለቡ ለዓመታት ከገቢው በላይ ሲያወጣ ቆይቶ፣ ሜዳው ራሱ በዕዳ መያዣነት ተይዞ ነበር። በዲሴምበር 2018 ክለቡ በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። ባለቤትነቱ ሲዛወር ገዢው የገንዘቡን ምንጭና አቅም አስቀድሞ እንዲያስረዳ የሚያስገድድ ደንብ በሊጉ አልነበረም። የ133 ዓመት የሕዝብ ቅርስ ከአንድ ዳቦ ዋጋ በማይበልጥ ገንዘብ እጅ ለወጠ። ክለቡ ዕዳውን ለመክፈልና ለመቀጠል የሚያስችል አቅም እንዳለው ማሳየት ስላልቻለ፣ የአዲሱ ዘመን የመጀመሪያ ጨዋታዎቹ ታገዱ። በኦገስት 27 ቀን 2019 ቤሪ ከ125 ዓመት ቆይታ በኋላ ከሊጉ ተሰረዘ።

ከታሪኩ ትዕይንቶች ሁሉ የላቀው በዚያው ዕለት የታየው ነው። ገዢ ተገኝቷል የሚል ተስፋ በመሰማቱ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች መጥረጊያና ባልዲ ይዘው ጊግ ሌንን ለማጽዳት ተሰበሰቡ። ከሰዓት በኋላ ገዢው ራሱን አገለለ፤ ሜዳው ግን ጸድቶ ነበር። ማንም ደራሲ ቢጽፈው ተጋነነ ሊባል የሚችል ይህ ትዕይንት፣ የክለቡ እውነተኛ ባለቤት ማን እንደነበረ ከማናቸውም ውል ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

ስለ ቤሪ ውድቀት ሲተረክ ብዙ ጊዜ አንድ ክፉ ገጸ ባሕርይ ተመርጦ ጥፋቱ ሁሉ በእሱ ላይ ይጫናል። ይህ ዓይነቱ አተራረክ እንባ ያስነባ ይሆናል እንጂ ዕውቀት አይሰጥም። ግለሰቦች ተጠያቂ መሆናቸው አይካድም፤ ነገር ግን አንዱ ሰው ወጥቶ ሌላው ሲገባ ክለቡን እንደ ዕቃ የሚያሻሽጠው ሥርዓት በቦታው እስካለ ድረስ ተውኔቱ ተዋናይ ቀይሮ መደገሙ አይቀርም። ሂሱ ተመልካቹንም ይመለከታል። ድል በተገኘበት ዕለት የሒሳብ መዝገቡን የሚጠይቅ ማን ነው? ጭብጨባው ጥያቄውን ከዋጠው ተመልካች ባለቤት ሊሆን አይችልም፤ የእሱ ክለብ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይሆንበታል።

ታሪክ ራሱ ለዚህ ትርኢት መራራ ምጸት ጨምሮበታል። የ1903ቱን የ6 ለ 0 የዋንጫ ፍጻሜ ድል ለ116 ዓመታት የሚስተካከለው አልነበረም። የተስተካከለው በሜይ 18 ቀን 2019፣ ቤሪ የመጨረሻውን የሊግ ጨዋታ ባደረገበት በዚያው ወር ነው፤ ያስተካከለውም ጎረቤቱ ባለጸጋው ማንቸስተር ሲቲ ነው። በአንድ አካባቢ አንዱ በሀብት ሲሞላ ሌላው በረሃብ ሞተ።

የታሪኩ መጨረሻ ግን ይህ አልሆነም። ደጋፊዎች በ2019 መጨረሻ በአባላት የሚመራ አዲስ ክለብ አቋቋሙ፤ በ2022 ከመንግሥት በተገኘ ድጋፍ ጭምር ጊግ ሌን በደጋፊዎች እጅ ገባ፤ በ2023 የተከፋፈሉት ወገኖች በድምፅ ተዋሕደው ጨዋታ ወደ ሜዳው ተመለሰ። የእንግሊዝ ፓርላማም በ2025 የክለቦችን አያያዝ የሚቆጣጠር ነፃ አካል በሕግ መሠረተ።

እንግዲህ የቤሪ የመጨረሻ ዘመን ትምህርት ከእግር ኳስ ሜዳ ያለፈ ነው። ቴአትር ቤትም ሆነ የኪነት ቡድን፣ ትርኢቱ ስላማረ ብቻ ሕይወቱ አይጠበቅም። ሕዝብ በጭብጨባው ብቻ ሳይሆን በመዝገቡና በውሳኔውም ሲገኝ ነው መድረኩ የእሱ የሚሆነው። የቤሪ ሰዎች ይህን የተረዱት መጥረጊያ ይዘው ባዶ ሜዳ ላይ በቆሙ ጊዜ ነው፤ ሌላው ግን እስከዚያ መጠበቅ አይኖርበትም።