ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ዛር፤ በሚሼል ሌሪስ የጎንደር ጥናት ላይ የቀረበ ሒስ

ስለ ኢትዮጵያ ዛር በውጭ አገር ሊቃውንት ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ሚሼል ሌሪስ በ1958 ዓ.ም. በፓሪስ ያሳተመው ድርሰት ተደጋግሞ የሚጠቀስ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። ድርሰቱ በጎንደር ሰዎች ዘንድ በዛር መያዝ ምን ዓይነት የቴአትር ጠባይ እንዳለው ይመረምራል። ዋናው ሐሳብ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ዛር ያደረባት ሴት ሆን ብላ የምታታልል አስመሳይ አይደለችም፤ ራሷንም ፈጽማ የሳተች አይደለችም፤ በነዚህ በሁለቱ መካከል ሆና የዛሩን ጠባይ ትኖረዋለች እንጂ እንደ ተዋናይ አትጫወተውም የሚል ነው። ከዚያ በፊት ነገሩን ወይ ተንኰል ወይ እብደት ብለው ይደመድሙት ለነበሩት ጸሐፊዎች ይህ አስተያየት በቂ መልስ ሰጥቷል። ነገር ግን መጽሐፉ ከተመሠረተበት ማስረጃ ውስጥ አንድ ከባድ ጉዳይ በቴአትር ሐሳብ ሳይፈታ ቀርቷል፤ ይኸውም የእናትና የሴት ልጅ ነገር ነው።

ማስረጃው እንዴት እንደ ተሰበሰበ ማስታወስ ይገባል። ሌሪስ ወደ ጎንደር የመጣው በማርሴል ግሪዮል መሪነት ከ1931 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ አፍሪካን ከዳካር እስከ ጅቡቲ ካቋረጠው የጥናት ጓድ ጋራ ነበር። በ1932 ዓ.ም. በጎንደር በተቀመጠባቸው ወራት፣ ከአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ጋራ እየሆነ ወደ ወይዘሮ መልካም አያሁ ቤት ይመላለስ ነበር። ወይዘሮ መልካም አያሁ በዕድሜ የገፉ፣ ዛራቸው የታወቀ፣ ሕሙማንም በቤታቸው የሚሰበሰቡላቸው ሴት ነበሩ። ልጃቸው ወይዘሮ እማዋይሽም ከዚያው ጉባኤ ውስጥ ነበሩ፤ እርሳቸውም በዛር ይያዙ ነበር። ስለዚህ የመጽሐፉ ዋነኛ ምንጭ በአንድ ቤት የሚገኙ እናትና ልጅ መሆናቸው ግልጥ ነው።

ሌሪስ በ1934 ዓ.ም. ያሳተመው የዕለት ማስታወሻ ይህን በሰፊው ያሳያል። ለመሥዋዕት የሚሆኑትን እንስሳት በገንዘቡ መግዛቱን አልሸሸገም፤ ለወይዘሮ እማዋይሽ የነበረውን ስሜትም ሳይደብቅ ጽፎታል። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በወጣው ድርሰት ግን የፊተኛውን ስፍራ የያዘው የቴአትር ጥያቄ ነው። ቴአትር ደግሞ በባሕርዩ ተመልካችን ይፈልጋል፤ የሚመረምረውም በመድረኩ ላይ ያለችውን ሴትና ዙሪያዋን ከበው የሚያዩትን ሰዎች ነው። እናት ልጇን በምታይበት ጊዜ ግን ተመልካች ብቻ ናት ሊባል አይቻልም። ያ በልጇ ላይ ወርዶ የሚያጓራው ዛር የገዛ ራሷ፣ ወይም የእናቷ፣ ወይም የአያቷ ሊሆን ይችላልና።

በዚህ ላይ የቋንቋ ጉዳይ አለ። ዛር በወረደባት ጊዜ በዙሪያዋ ያሉት ሰዎች ሴቲቱን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብለው አይጠይቋትም። ዛሩ ወንድ እንደ ሆነ «ጌታዬ፣ ምን ትፈልጋለህ?» ይላሉ። እርሱም በአፏ ይፎክራል፣ እርሷንም «ፈረሴ» እያለ ይጠራታል፣ ልብስ ወይም ሽቶ ወይም መልኩ የታወቀ ዶሮና በግ ይጠይቃል። በፈረንሳይኛ ሴትም ወንድም የሚጠየቁት በአንድ ዓይነት ግሥ ስለ ሆነ፣ በአማርኛ በግሡ መጨረሻ ላይ የሚታየው ለውጥ በትርጉም ውስጥ ይጠፋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» በተባለው የ1965 መጽሐፉ እንደ ገለጠው፣ በአማራ ቤት ልጅ ከሁሉ በፊት የሚማረው መታዘዝን ነው። ጨዋ ልጅ፣ ይልቁንም ሴት ልጅ፣ ይህን እፈልጋለሁ፣ ያን እንቢ ማለት ነውር ነው እየተባለች ታድጋለች። እንግዲህ ልጇን «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠይቃ የማታውቅ እናት፣ የልጇን ዛር ግን «ምን ትፈልጋለህ?» ብላ ለመጠየቅ ትገደዳለች። ጥያቄው አንድ ነው፤ የተለወጠው የግሡ መጨረሻ ብቻ ነው። በዚህ ለውጥ አማካይነት ሁለቱም ክብራቸው ሳይነካ፣ አንዲቱ ልትጠይቅ፣ ሌላይቱም ልትመልስ ይቻላቸዋል።

ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ያለ ዋጋ አይገኝም። የዛር ሥርዓት በሽታውን ፈጽሞ ነቅሎ ለመጣል የቆመ አይደለም፤ ከመንፈሱ ጋራ ውል ለመግባት እንጂ። ውሉ ከጸና ዛሩ የሚያሳምም መሆኑ ቀርቶ ጠባቂ ይሆናል ይባላል፤ ምሱ በጊዜው ካልተሰጠው ግን ቁጣው ይመለሳል። ባለ ዛሪቱ ስትሞት ዛሩ ከዘሯ አንዱን፣ ብዙ ጊዜም ሴት ልጇን፣ ይመርጣል ተብሎ ይታመናል። የተመረጠችው እንደ ሆነ ብትቀበል ግብሩን ትሸከማለች፤ ችላ ብትል ደግሞ ትታመማለች፤ ሕመሟም የምርጫው ማረጋገጫ ሆኖ ይቈጠራል። በእናቷ ዘመን እንክብካቤ ያገኘችበት ነገር ከእናቷ ሞት በኋላ ዕዳ ይሆንባታል። ጤነኛ ሆና ሳለች ያልተሰጣት አሳብና ስጦታ በታመመች ጊዜ የሚሰጣት ልጅ፣ ፈጽማ ለመዳን ብትፈራ አያስደንቅም። በእናትና በልጅ መካከል ያለው ፍቅር የሚጨነቀው በዚህ ነው፤ ፍቅሩ ጐድሎ ሳይሆን የሚያልፍበት በር አንድ ብቻ ሆኖ፣ በሩም ሕመም ስለ ሆነ ነው።

ከሌሪስ ጋራ ወይም ከእርሱ በኋላ የጻፉት ሊቃውንትም ይህን በር በጐን አልፈውታል። ሳይመን ሜሲንግ በዚያው በ1958 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ዛርን እንደ ማኅበር ሕክምና ተመልክቶ፣ ከሕሙማኑ የሚበዙት በወንዶች ዓለም ችላ መባላቸው የሚሰማቸው ባለትዳር ሴቶች መሆናቸውን አስረድቷል፤ ታማሚዋም ከማኅበሩ አባል ሆና ስለምትቀር ሕክምናው ማለቂያ የለውም ብሏል። አይ. ኤም. ሉዊስ ደግሞ በ1966 እና በ1971 ዓ.ም. ባሳተማቸው ጽሑፎች፣ እንዲህ ያለው መያዝ አቅም ያጡ ሴቶች ባሎቻቸውን በተዘዋዋሪ የሚከሱበት መሣሪያ ነው የሚለውን ሐሳብ አስፋፋ። ሁለቱም ትክክለኛ ነገር አይተዋል። ነገር ግን አንዱ ሴቲቱን ከማኅበሩ ጋራ፣ ሌላው ከባሏ ጋራ፣ ሌሪስም ከተመልካቿ ጋራ አቁመው ስለ መረመሯት፣ ከእናቷ ጋራ አቁሞ የመረመራት የለም። የውርሱን ነገር እንደ አንድ ዝርዝር ይጠቅሱታል እንጂ የጥናታቸው መሠረት አላደረጉትም። ባሏን ለመክሰስ የታመመች ሴት ባሏን ብትፈታ ትድን ይሆናል፤ ከእናቷ የወረሰችውን ግን በፍቺ ልትገላገለው አትችልም።

ሕዝቡ ራሱ ስለ ዛር አመጣጥ የሚናገረው ተረት ከሊቃውንቱ ይልቅ ወደዚህ ነገር ይቀርባል። በተረቱ መሠረት ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት። አንድ ቀን እግዚአብሔር ልጆቿን ሊያይ በመጣ ጊዜ፣ ስለ ሰሳቻቸው ያማሩትን አሥራ አምስቱን ሸሸገች። እርሱም የተሸሸጉት እንደ ተሸሸጉ ይቅሩ ብሎ ፈረደ። የታዩት የሰው ልጆች አባቶችና እናቶች ሆኑ፤ ያልታዩት ዛሮች ሆኑ። ይህ ቃል ከመጽሐፍ የተገኘ ሳይሆን በአፍ የሚነገር ነው። ቢሆንም ስለ በሽታው ምንጭ የሚሰጠው ፍርድ ልብ ሊባል ይገባዋል። የችግሩ መነሻ የጠላት ተንኰል ወይም የሰው ኃጢአት አልተደረገም፤ ልጆቿን ከመውደዷ የተነሣ የሸሸገች እናት ናት። የተሸሸገውም ነገር ጠፍቶ አልቀረም፤ በሴቶች ልጆቿ ላይ እየወረደ የሚገባውን ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዛር ማለት የአእምሮ በሽታ ማለት ነው ብሎ ማመሳሰል ስሕተት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1994 ዓ.ም. ባወጣው የበሽታዎች መዝገብ ዛርን በየባሕሉ ከሚታዩት ሁኔታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል፤ ነገር ግን በዛር ከሚያዙት ሴቶች ብዙዎቹ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ፣ ገበያ የሚውሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ በእውነት አእምሮዋ የታወከባት ልጅ «ዛር ነው» ተብላ ያለ ሕክምና ዓመታት ልታሳልፍ ትችላለች። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው የቤተሰቡ መሸሸግ ነው። በቡታጅራ ገጠር ከባድ የአእምሮ ሕመም ስላለባቸው ሰዎች ቤተሰቦች ተጠንቶ በ2001 ዓ.ም. በታተመው ጽሑፍ፣ ከተጠየቁት 178 ዘመዶች ከመቶ 75ቱ በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል፤ ከመቶ 37ቱም ሕመሙን ለመሰወር ይፈልጉ ነበር። ጥናቱ ስለ ዛር አይደለም፤ ቢሆንም ሔዋን ያደረገችውን ዛሬም የሚያደርጉ ቤተሰቦች መኖራቸውን ያስረዳል።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ልጂቱ ሌላ መንገድ በመረጠች ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን የዛርን ግብር ታወግዛለች፤ ወደ ጠበል የሄደችውን ሴት መንፈሱ ስሙን ተናግሮ እንዲወጣ ይገደዳል እንጂ ምስ አይሰጠውም። በዚያም መንፈሱ ከእናት ወይም ከአያት እንደ ወረደ በልጂቱ አፍ መለፍለፉ የተለመደ ነው። በእናቲቱ ቤት ጠባቂና የዘር ክብር የነበረው በጠበሉ ቦታ ርኩስ መንፈስ ተብሎ በሕዝብ ፊት ይወገዛል። ወደ ሐኪም የሄደችውም ከዚህ አታመልጥም፤ ሐኪሙም «በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ የታመመ ሰው ነበረ ወይ?» ብሎ ይጠይቃታልና። በሦስቱም ስፍራ የልጂቱ ሕመም ወደ እናቷ ይመራል። በዛሩ ቤት ብትቆይ እናቷን ታከብራለች፣ ሸክሙንም ትወርሳለች፤ በጠበሉ ወይም በመድኃኒቱ ብትድን ሸክሙን ትጥላለች፣ ነገር ግን እናቷ ዕድሜ ልኳን የጠበቀችውን ውል ታፈርሳለች። መዳኗ ራሱ በእናቷ ላይ እንደ ተነገረ ክስ ሊቈጠርባት ይችላል። የቴአትር ሐሳብ ለዚህ ምርጫ ቃል የለውም፤ ተዋናይ ከመድረክ ሲወርድ ማንንም አይከዳምና።

ከዚህ ሁሉ የሌሪስ ሥራ ከንቱ ነው የሚል መደምደሚያ አይገኝም። እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ የእርሱ ጽሑፍ ለእንዲህ ያለ ሒስ የተመቸ የሆነው፣ በየዕለቱ ያየውን ሳይመርጥ ስለ መዘገበ ነው፤ ድርሰቱ ያላነሣው ጥያቄ በማስታወሻው ውስጥ ይገኛል። ከእንግዲህ ወዲህ ስለ ዛር የሚያጠኑ ተማሪዎች ሥራቸውን ከባለ ዛሪቱ ጀምረው በባለ ዛሪቱ እንዳይፈጽሙ ያስፈልጋል። ዛሩ የወረደባትን ልጅ፣ አልቀበልም ያለችውን እኅቷን፣ በጠበል ተለይታ የወጣችውንም እየለዩ፣ እያንዳንዷ ስለ እናቷ የምትናገረውን በራሷ ቃል፣ «አንተ» እና «አንቺ» የሚለዋወጡበትን ስፍራ ሳይዘልሉ፣ በአማርኛው መመዝገብ ይገባል። የጎንደሩ ጥናት የእናቲቱን ጉባኤ አሳይቶናል፤ የልጂቱ ቃል ገና አልተጻፈም።